የሌላውን ድምፅ ይዞ መድረክ መሙላት፦ የትሪቢዩት ባንዶች ስኬት ከደሴ ሲታይ

ኦኤሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተበተነ በኋላ፣ ጁላይ 4 ቀን 2025 በካርዲፍ ከተማ ዳግም መድረክ ላይ ወጥቷል። ዜናውን የዘገቡት ሁሉ የባንዱ መሪዎች የሆኑትን የሁለቱን ወንድማማቾች እርቅ አጉልተው ሲያወሩ፣ አንድ ጉዳይ ግን በጥቂቱ ብቻ ተነሥቷል። በመካከሉ ባለፉት 16 ዓመታት ወንድማማቾቹ በየፊናቸው የተወሰኑትን ዘፈኖች ቢጫወቱም፣ የባንዱን ሙሉ ድምፅ በየመጠጥ ቤቱና በየመለስተኛ አዳራሹ ሲያሰሙ የኖሩት ከባንዱ ጋር ዝምድና የሌላቸው አስመሳዮች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ራሱን «ኖኤሲስ» ብሎ ሰይሟል፤ ስሙ «ኦኤሲስ አይደለንም» የሚል ቀልድ በውስጡ ይዟል። ትሪቢዩት ባንድ የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ቡድን ዛሬ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ነገሩ ከደሴ ሲያዩት ሩቅ ይመስላል። ሆኖም በደሴና በኮምቦልቻ የሆቴል መድረኮችና የሠርግ አዳራሾች ከሚሰማው ሙዚቃ ብዙው ቀደም ሲል በሌላ ሰው የተዘፈነ ነው፤ በዚህ ላይ የሚነሣው ክርክርም ሁለት ጫፍ ይዞ ቆሟል። ለአንዱ ወገን ድርጊቱ በሰው ላብ መክበር ነው፤ ለሌላው ደግሞ ለባለውለታዎች ክብር መስጠት። ሁለቱም ወገኖች የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ስለሚከራከሩ መግባባት አልቻሉም። ስለዚህ አስቀድሞ ስሞቹን መለየት፣ ቀጥሎም አስመሳይ ባንዶች በሌላው ዓለም ለምን እንደተሳካላቸው ማየት ያስፈልጋል፤ ለወሎ የሚሆነውና የማይሆነው የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የተምታቱት ሦስት ቃላት

«ከቨር» ማለት ሌላ ሰው ያወጣውን ዘፈን በራስ አዘፋፈንና በራስ ቅንብር መጫወት ነው። «ሪሚክስ» በስቱዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ የተቀረጸውን የመጀመሪያ ድምፅ ራሱን ቆራርጦና አዋሕዶ ሌላ መልክ መስጠት ማለት ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ቃሉ የቆየ ዘፈንን በአዲስ ድምፃዊና በአዲስ ቅንብር ደግሞ ለመዝፈን ይውላል። እኛ ሪሚክስ የምንለው አብዛኛው ሥራ እንግዲህ በሙያው አነጋገር ከቨር ነው። «ትሪቢዩት ባንድ» ከሁለቱም ይለያል። ትሪቢዩት ማለት የክብር መግለጫ፣ መታሰቢያ እንደማለት ነው፤ ትሪቢዩት ባንድም ሙሉ ዝግጅቱን ለአንድ ቡድን ብቻ ሰጥቶ፣ ዘፈኖቹን በመጀመሪያው ቅንብር፣ በተመሳሳይ የመሣሪያ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ አለባበስና አቋቋም የሚያቀርብ ቡድን ነው።

ልዩነቱ ከስያሜ ያለፈ ነው። ከቨር የሚጫወት ድምፃዊ የሚመሰገነው ከራሱ በጨመረው ነገር ሲሆን፣ የትሪቢዩት ባንድ ተጫዋች የሚመሰገነው ምንም ባለመጨመሩ ነው። በሆቴል መድረክ ላይ በአንድ ምሽት የአሥር ድምፃውያንን ሥራ የሚያፈራርቅ ባንድ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ትሪቢዩት ባንድ አይባልም።

ዋናው ባንድ በማይገኝበት ቦታ

የእነዚህ ባንዶች ስኬት ብዙ ጊዜ በናፍቆት ብቻ ይገለጻል። ናፍቆት መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ናፍቆት በሁሉም ቦታ ሲኖር ትሪቢዩት ባንድ ግን በሁሉም ቦታ አልበቀለም። ከናፍቆቱ የሚበልጠው ምክንያት የዋናው ባንድ አለመገኘት ነው።

ይህን በግልጽ የምታሳየው አገር አውስትራሊያ ናት። በዓለም ላይ ትልቅ ገበያ ካገኙት መካከል ሁለቱ የተመሠረቱት እዚያው ነው፤ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን ሥራ የሚያቀርበው «አውስትራሊያን ፒንክ ፍሎይድ ሾው» በአደሌድ፣ «አባ» (ABBA) የተባለውን የስዊድን የፖፕ ቡድን ሥራ የሚያቀርበው «ቢዮርን አጌን» በሜልበርን፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1988። አጋጣሚ አይመስልም። አውስትራሊያ ሬዲዮኑም፣ ሸክላውም፣ እንግሊዝኛውም ያላት አገር ናት፤ ታላላቆቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ ባንዶች ግን ርቀቱና የጉዞው ወጪ ስለሚከብዳቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይመጡላት ነበር። ዘፈኑን በልቡ የያዘ፣ ዘፋኙን ግን ሊያይ የማይችል ሕዝብ ሲበዛ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ሰው መምጣቱ አይቀርም። የአውስትራሊያው ባንድ ከጊዜ በኋላ እስከ እንግሊዝ ዘልቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር 50ኛ የልደት በዓሉን ሲያከብር በግብዣው ላይ ተጫውቷል። አስመሳዩ በተመሳዩ ፊት የቆመበት ምሽት እንደማለት ነው።

አለመገኘት በርቀት ብቻ አይመጣም። አባ እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራውን አቁሟል። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1970 ተበትኗል፤ ከአባላቱ አንዱ ጆን ሌነን በ1980 ሲገደልም የመገናኘቱ ተስፋ ጨርሶ ተቆርጧል። በዚያው በ1980 የተመሠረተው «ቡትሌግ ቢትልስ» አባላቱ ቀድሞ «ቢትልማኒያ» በተባለ የመድረክ ትዕይንት ላይ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። የቢትልስ ጉዳይ ግን ሌላም ነገር ያሳያል። ቡድኑ ከኦገስት 1966 በኋላ የኮንሰርት ጉዞውን አቁሞ ወደ ስቱዲዮ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ የሠራቸው በሙሉ ኦርኬስትራና በብዙ የድምፅ ድርርብ የታጀቡ ዘፈኖች አብዛኞቹ በባንዱ ራሱ መድረክ ላይ አልቀረቡም። እነዚህን ዘፈኖች በመድረክ መስማት የፈለገ ሰው ከአስመሳዩ በቀር የሚሄድበት የለውም። በዚህ ጊዜ አስመሳዩ የዋናው ምትክ መሆኑ ያበቃና፣ ዋናው ያልሠራውን ሥራ ሠሪ ይሆናል።

ለአዳራሹ ባለቤት ደግሞ ስሌቱ አጭር ነው። አዲስ ባንድ ሲጋብዝ ሰው ይመጣ አይመጣ አያውቅም፤ ዝነኛውን ሲጋብዝ ዋጋው አይቀመስም። ትሪቢዩት ባንድ ግን ማስታወቂያው ገና ከ40 ዓመት በፊት የተሠራለት፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ዕቃ ነው። ታዳሚው ሁለት ትውልድ ይዞ መምጣቱም ይረዳዋል፤ ዘፈኑን በወጣትነቱ የሰማው ወላጅና ከወላጁ ካሴት የለመደው ልጅ በአንድ ወንበር ረድፍ ይቀመጣሉ።

ክፍያው ወዴት ይሄዳል

«ሌብነት ነው» የሚለው ወገን መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ሙዚቃ በሕዝብ ፊት የሚቀርብበት አዳራሽ ፈቃድ ገዝቶ ይሠራል፤ ክፍያውን የሚሰበስበውም እ.ኤ.አ. በ1914 የተመሠረተው ፒ.አር.ኤስ. የተባለ የደራሲያንና የአሳታሚዎች ማኅበር ነው። ባንዱ በምሽቱ የተጫወታቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ያስገባል፤ ማኅበሩም ለግጥምና ለዜማ ደራሲዎቹ ድርሻቸውን ይልካል። ይህ ለደራሲ የሚመለስ ድርሻ «ሮያሊቲ» ይባላል። ልብ ማለት የሚገባው ገንዘቡ የሚሄደው ለደራሲው እንጂ ዘፈኑን በመጫወት ላስታወቀው ሙዚቀኛ አለመሆኑን ነው፤ ዘፈን ያልደረሰ ከበሮ መቺ፣ ባንዱ ምንም ያህል ቢመሰል፣ በዚህ መንገድ የሚደርሰው የለም።

ዜማውን ከፍሎ መጫወት አንድ ነገር ሲሆን፣ ሰውየውን መምሰል ደግሞ ሌላ ነው። ቢትልማኒያን ያዘጋጁት ሰዎች በቢትልስ ኩባንያ በአፕል ኮር ተከስሰው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተረቱት፣ የባንዱን ማንነትና ገጽታ ለንግድ በማዋላቸው ነው። የዛሬዎቹ ባንዶች በስማቸው ላይ «ቡትሌግ» (ያልተፈቀደ ቅጂ እንደማለት)፣ «አውስትራሊያን» ወይም እንደ ኖኤሲስ ያለ ቀልድ የሚጨምሩበት ምክንያት እንግዲህ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ታዳሚው ዋናውን እንዳይጠብቅ ማሳወቂያ ጭምር ነው።

በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በሕዝብ ፊት ማቅረብን ከደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ጥበቃውም በመሠረቱ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ መብትን በጋራ የሚያስተዳድር ማኅበር የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስብበትን መንገድ አስቀምጧል። ስለዚህ በደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚዘፈን የሌላ ሰው ዘፈን በሕጉ ዓይን ባለቤት አልባ አይደለም። የሚጎድለው የዘፈኖቹን ዝርዝር የሚመዘግብ፣ ዝርዝሩን የሚቀበልና ገንዘቡን የሚያደርስ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። ይህ ልማድ እስካልተተከለ ድረስ የሙዚቀኛው ጨዋነት ብቻውን የትም አያደርስም፤ መክፈል ቢፈልግ እንኳ ከአዳራሹ ባለቤት ጋር የሚዋዋልበት ወግ ያስፈልገዋልና።

ባንድ የማያስታውስ ጆሮ

የአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ የሚያስታውሰው ድምፃዊን እንጂ ባንድን አይደለም። በካሴቱ ሽፋን ላይ ፎቶው የሚወጣው ድምፃዊው ነበር፤ ሮሃ፣ ዳህላክ ወይም ኢትዮ ስታር ባንድ አጅቦት ከሆነ ስሙ ከጀርባው በትናንሽ ፊደል ይጻፋል። የዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኝ በቃሉ የሚያወርድ ሰው የሳክስፎኑን ተጫዋች ስም ሲጠየቅ ዝም ይላል። ትሪቢዩት ባንድ የሚያስፈልገው ደግሞ የቡድን ድምፅ ነው። እንዲያ ሲሆን በእኛ ዘንድ የሚበዛው አንድን ድምፃዊ መምሰል የሆነው ለምን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። እንደ ጃኖ ያለ፣ የሮክን ድምፅ ይዞ በባንድ ስም የታወቀ ቡድን ጥቂት ነው።

የሚገርመው የባንዶቻችንን የቡድን ድምፅ ለይተው ያደመጡት በብዛት የውጭ ሰዎች መሆናቸው ነው። ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ የቆዩ ሥራዎቹ በውጭ አሳታሚ ዳግም ታትመውለት ወደ መድረክ ተመለሰ። በፓሪስ የተመሠረተው አካለ ውቤ የተባለ የፈረንሳውያን ባንድ የአዲስ አበባን የቆዩ ሙዚቃዎች በመጫወት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንጋፋው ድምፃዊ ከግርማ በየነ ጋር አልበም አውጥቷል። ትሪቢዩት ለመባል የሚቀርበው ሥራ ተሠርቷል፤ የተሠራው ግን ከፒያሳ ርቆ፣ በሴን ወንዝ ዳር ነው።

ወሎ በዚህ ረገድ ከአጠቃላዩ ልማድ ወጣ ያለ ታሪክ አላት። በደርግ ዘመን በደሴ ይሠራ የነበረው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን በቡድን ስሙ የታወቀ ነው። የአምባሰል ንግሥት የምትባለው ማሪቱ ለገሠ ከዚህ ቡድን ወጥታ ነው አገር ያወቃት፤ ሆኖም የወሎ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ «ላሊበላ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በእኔ ግምት፣ በአማርኛ ሙዚቃ ውስጥ እውነተኛ ትሪቢዩት ባንድ ሊቆምለት የሚችል ቡድን ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። ዋናው ቡድን በቀድሞ መልኩ የለም፤ ድምፁ በቀረጻ ቀርቷል፤ የሰማው ትውልድ ገና በሕይወት አለ፤ ያልሰማው ትውልድ ደግሞ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተሰብስቧል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መራቁም የአውስትራሊያን ሁኔታ በትንሹ ያስታውሳል፤ ትልልቆቹ ኮንሰርቶች በመዲናዋ ሲደረጉ የደሴ ሰው የሚያያቸው በስልኩ ነው።

በቅኝት ላይ «ልክ እንደነበረው» ማለት

ነገር ግን የሮክ ባንድን መምሰልና የወሎን ኪነት መምሰል አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። የሮክ ዘፈን በሸክላ ላይ ከተቀረጸ በኋላ ያ ቅጂ የመጨረሻው ሆኖ ይቀመጣል፤ የጊታሩ ዘለላ እያንዳንዱ ድምፅ ተቆጥሮ ሊጠና ይችላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ቅኝቶች ናቸው፤ በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ፣ ዘፋኙ በየጊዜው የሚሞላቸው ቤቶች። ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት እዚሁ ከሚገኙ ቦታዎች ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ካለው ተራራማ አገር፣ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ በሰኞ ገበያዋ ከምትታወቀው ከተማ። ትዝታን መቶ ሰው ቢዘፍነው ማንም «የእገሌን ሰረቀ» አይልም፤ እያንዳንዱ የራሱን ስንኝና የራሱን እንጉርጉሮ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቃልና። አዝማሪ ከታዳሚ ግጥም እየተቀበለ የሚዘፍንበት ወግም እንዲሁ ነው። የትናንቱን ቃል በቃል የደገመ አዝማሪ ሽልማት ሲያገኝ አልታየም።

እንግዲህ ላሊበላን የሚያስታውስ ቡድን ለምኑ ይታመን? ለቀረጻው ከታመነ፣ በሕይወት የነበረውን ነገር እንደ ፎቶግራፍ ያደርቀዋል። ለወጉ ከታመነ ደግሞ አዳዲስ ስንኞች ይጨምራል፤ ያኔም ትሪቢዩት መሆኑ ቀርቶ በዚያው ወግ የቀጠለ ሌላ የኪነት ቡድን ይሆናል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በልምምድ ክፍል ውስጥ በየዘፈኑ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

የመሣሪያው ጉዳይ አለ። ክራር ለዘፋኙ ድምፅ እየተባለ ይቃኛል፤ ኪቦርድ ግን ከፋብሪካው ተቃኝቶ የመጣ ነው። ዛሬ በሆቴሎች መድረክ ላይ አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ዋሽንቱንም፣ አንዳንድ ጊዜ ማሲንቆውንም ተክቶ ይሠራል። ይህ የመጣው ከወጪ ቅነሳ ነውና አይፈረድበትም። የአንድ ቡድንን ድምፅ እንደነበረ ለማሰማት ግን ተጫዋቾቹ በአካል መኖር አለባቸው፤ ማሲንቆ የሚገዘግዘው ሰው ከዘፋኙ ጋር አብሮ ካልተነፈሰ አምባሰል አምባሰል አይሆንም።

ብዙዎች የሚዘሉት ሌላ ጉዳይ ደግሞ የግጥሞቹ ይዘት ነው። የዘመኑ የኪነት ቡድኖች የባህል ዘፈኑን ከአብዮቱ መፈክር ጋር እያፈራረቁ ያቀርቡ ነበር። ሙሉ በሙሉ የታመነ መታሰቢያ መፈክሩንም መዝፈን ይኖርበታል፤ የፍቅሩንና የአገሩን ዘፈን ብቻ መርጦ የሚያቀርብ ደግሞ ያለፈውን ዘመን ከነበረው ይልቅ አሳምሮ ያሳያል። የሮክ ባንዶች አስመሳዮች ደካማ አልበሞችን ሲዘሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በእኛ ላይ ግን የተዘለለው የታሪክ ክፍል ይከብዳል።

ተቃውሞውና ድጋፉ

ተቃዋሚዎች ዋናው ሥጋታቸው አዲስ ሥራ መታፈኑ ነው። የአዳራሽ ባለቤት የታወቀውን እየመረጠ በሄደ ቁጥር የራሱን ዘፈን ይዞ የመጣ ወጣት በር ላይ ይቀራል። ይህ ሥጋት እውነትነት አለው፤ በተለይ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ፣ የመድረኮቹ ቁጥር በጣት በሚቆጠርባቸው ከተሞች። ለንደን ውስጥ አስመሳዩም አዲሱም በየፊናቸው አዳራሽ ያገኛሉ፤ እዚህ ግን የቅዳሜ ምሽት አንድ ነች።

ደጋፊዎቹ በበኩላቸው መምሰል ትምህርት ቤት ነው ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። ጁዳስ ፕሪስት የተባለውን የእንግሊዝ የሄቪ ሜታል ባንድ ዘፈኖች በሚጫወት ባንድ ውስጥ ይዘፍን የነበረው አሜሪካዊ ቲም ኦወንስ እ.ኤ.አ. በ1996 የራሱ የጁዳስ ፕሪስት ድምፃዊ ሆኖ ተቀጥሯል። ፊሊፒናዊው አርኔል ፒኔዳም የሌሎችን ዘፈኖች ሲጫወት በዩቲዩብ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ጆርኒ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ ተቀላቅሏል። ሆኖም የእነዚህ ሁለት ሰዎች ታሪክ የሚደጋገመው ብርቅ ስለሆነ ነው። የበለጠ ክብደት ያለው ሌላው መከራከሪያ ነው፤ በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሙዚቀኞች የተማሩበት የጋራ ልምምድ፣ ማለትም ስድስትና ሰባት ሆኖ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ መጫወት፣ በኪቦርዱ ዘመን ተመናምኗል። የአንድን ቡድን ሙሉ ድምፅ መልሶ ለማቆም የሚደረግ ልምምድ ይህን ችሎታ በግድ ያስተምራል። የተመሰለው ሥራ ቢረሳ እንኳ ማሲንቆ መቺው ከመድረክ ሲወርድ ያወቀውን ይዞ ነው የሚወርደው።

ወዴት ሊያመራ ይችላል

በውጭው ዓለም ትሪቢዩት ባንዶችን የሚፎካከር ሌላ ነገር መጥቷል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 በለንደን በተከፈተው «አባ ቮዬጅ» ትዕይንት ላይ፣ ዕድሜያቸው 70 የዘለለው አራቱ የአባ አባላት ራሳቸው ሳይገኙ፣ በኮምፒውተር የተሠራ የወጣትነት ምስላቸው 3,000 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ይዘፍናል፤ አብሯቸው የሚጫወተው አጃቢ ባንድ ግን በሥጋ የሚታይ ነው። ዋናው ባንድ በምስሉ መመለስ ከቻለ የአስመሳዩ ቦታ ይጠብባል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ያ ትዕይንት የሚፈልገው ገንዘብና ለዚያው ተብሎ የተሠራ አዳራሽ በየከተማው ሊገኝ ስለማይችል፣ መለስተኛው አዳራሽ ለሰው አስመሳይ እንደተተወ ይቆያል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ጉዳዩ ከዚህ በጣም ይቀርባል። የሆቴሎቹ ገበያ እየሰፋ ከሄደ የቆዩ የወሎ ዘፈኖችን በስም ለይቶ የሚያቀርብ ቡድን መፈጠሩ የሚጠበቅ ነው፤ ገዢው ዝግጁ ነው፣ ዘፈኑም ይታወቃል። ያኔ የመጀመሪያው ጠብ በሙዚቃው ጥራት ላይ የሚነሣ አይመስልም። የቡድኑን ስም ማን ሊጠቀምበት ይችላል፣ በኪነት ጊዜ በጋራ የተሠራ ዜማ የማን ነው፣ በሕይወት ያሉት አባላትና የሟች አባላት ልጆች ከበሩ መግቢያ ምን ይደርሳቸዋል የሚለው ይቀድማል። ከሕዝብ የመጣ ዜማና አንድ ሰው የደረሰው ዜማ በአንድ አልበም ውስጥ ተደባልቀው በሚገኙበት የወሎ ሙዚቃ፣ ይህን መለየት ዘፈን በዘፈን የሚሠራ ሥራ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።